ጥሩ መካሪ በጠባዩ ዓይነት ይታወቃልን? ስለ ቴራፒስቶች ስብዕና የተደረጉ ጥናቶችና ለምክር አገልግሎታችን ያላቸው ትርጉም

መግቢያ

አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የምክር አገልግሎት ልትጀምር ስትነሣ በሽማግሌዎች ፊት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማንን እንመድብ?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሰዎቹ ጠባይ ነው። «እርሱ ተጫዋች ነው፤ ሰው ቶሎ ይቀርበዋል» ይባላል። «እርሷ ዝምተኛ ናት፤ ለምክር አትሆንም» ይባላል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ አገልጋዮች መጠይቅ ይሞሉና ከአራቱ የጠባይ ዓይነቶች፣ ማለትም ከሳንጉዊን፣ ከኮሌሪክ፣ ከሜላንኮሊክና ከፍሌግማቲክ፣ የትኛው እንደሆኑ ይነገራቸዋል። ከጥንታዊ ግሪክ ሕክምና የመጣው ይህ አከፋፈል በወንጌላውያን ዘንድ በስፋት እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ አሜሪካዊው መጋቢ ቲም ላሄይ በ1966 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የምደባው ጉዳይ ቀላል አይደለም። ስሕተት ቢፈጠር ዋጋውን የሚከፍለው መዳቢው ወይም ተመዳቢው ሳይሆን በሩን አንኳኩቶ የሚገባው ሰው ነው። ልጇን የቀበረች እናት፣ ትዳሩ የፈረሰበት ወንድም፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወጣት ብዙ ጊዜ ደጋግመው አይመጡም። በመጀመሪያው ቀን የሚሰማቸው ሰው ካላገኙ ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ እኛም «ተጽናንተው ሄዱ» እንላለን።

ስለዚህ ጥያቄው በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል፦ የመካሪው የጠባይ ዓይነት የምክሩን ውጤት አስቀድሞ ያመለክታልን? ይህንን ጥያቄ የሳይኮቴራፒ ተመራማሪዎች ከሰባ ዓመት በላይ ሲጠይቁት ቆይተዋል። ሳይኮቴራፒ ስንል አንድ የሠለጠነ ባለሙያ በንግግርና በግንኙነት አማካይነት የአእምሮና የስሜት ሕመም ላለበት ሰው የሚሰጠውን ሕክምና ማለታችን ነው። ባለሙያውን ቴራፒስት እንለዋለን። የመጋቢ ምክር ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ በእኛ ዘንድ የእግዚአብሔር ቃል፣ ጸሎት፣ ንስሐና የቅዱሳን ኅብረት አሉ። ነገር ግን በሁለቱም ቦታ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሸክሙን ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ይመልሳልም። ስለዚህ የእነርሱ ጥናት ለእኛም የሚያስተምረው ነገር አለው።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። የመካሪው ማንነት በእርግጥ ልዩነት ያመጣል፤ የጠባይ ዓይነቱ ግን ያንን ልዩነት አስቀድሞ ሊነግረን አልቻለም። እንዴት ወደዚህ መደምደሚያ እንደተደረሰ ከዚህ ቀጥሎ እንመልከት።

1. ጥያቄው እንዴት ተነሣ?

በ1936 ሶል ሮዘንዝዋይግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ የተለያዩ የሳይኮቴራፒ ትምህርት ቤቶች «እውነተኛው ዘዴ የእኛ ነው» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሮዘንዝዋይግ ግን ዘዴዎቹ እርስ በርሳቸው እየተቃረኑ ሁሉም የሚሻላቸው ታካሚዎች እንዳሏቸው አስተዋለና ፈዋሹ ነገር ሁሉም የሚጋሩት አንድ ነገር ሊሆን ይችላል አለ። ከእነዚህ የጋራ ነገሮች አንዱ የቴራፒስቱ ስብዕና ነበር።

በ1952 ሃንስ አይዘንክ በእንግሊዝ አገር ሆኖ ከበድ ያለ ክስ አቀረበ፤ ሕክምና ያገኙት ሰዎች ካላገኙት የተለየ መሻሻል እንዳሳዩ የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም አለ። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ ወደ 375 የሚጠጉ ጥናቶችን በአንድነት ሲመረምሩ ግን ሕክምና ያገኘው አማካይ ሰው ካላገኙት 75 በመቶ ከሚሆኑት በተሻለ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ታየ። በዘዴዎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ግን ጥቂት ነበር። ሕክምናው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጥቅሙ በዋናነት ከዘዴው የመጣ አይመስልም። ታዲያ ከሰውየው ይሆን?

2. የባልቲሞሩ ጥናት

የጠባይ ዓይነት ውጤትን እንደሚተነብይ ትልቅ ተስፋ ያሳደረው ጥናት በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሥር በነበረው ፊፕስ ክሊኒክ የተካሄደው ነው። ጆን ዋይትሆርንና ባርባራ ቤትዝ የተባሉ የአእምሮ ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሕሙማን ያከሙ ወጣት ሐኪሞችን መዝገብ መረመሩ። በ1954 ባወጡት ጽሑፍ ብዙ ሕሙማን የተሻላቸውን ሰባት ሐኪሞችና ጥቂት ሕሙማን የተሻላቸውን ሰባት ሐኪሞች ጎን ለጎን አቀረቡ። በመጀመሪያዎቹ ዘንድ 75 በመቶ፣ በኋለኞቹ ዘንድ 27 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን መሻሻል አሳይተው ነበር። ሁለቱን ወገኖች «ኤ» እና «ቢ» ብለው ሰየሟቸው።

ከዚያም ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ፈለጉ። በመጀመሪያ ያገኙት በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ሥራ በማንበብ ነው። የ«ኤ» ሐኪሞች የሕመምተኛው አነጋገርና አደራረግ ለራሱ ለሕመምተኛው ምን ትርጉም እንዳለው ለመረዳት ይጥሩ ነበር፤ ራሳቸውም በግንኙነቱ ውስጥ በንቃት ይሳተፉ ነበር። የ«ቢ» ሐኪሞች ደግሞ ወይ ሁሉን በዝምታ ይፈቅዱ፣ ወይ ከላይ ሆነው ይተረጉሙና ያስተምሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛ እርምጃ ወሰዱ። ሐኪሞቹ የሙያ ዝንባሌን የሚለካ የታወቀ መጠይቅ ሞልተው ስለነበር ሁለቱ ወገኖች በዚያም ይለያዩ እንደሆነ ተመለከቱ። የ«ኤ» ሐኪሞች ዝንባሌ ከጠበቆችና ከሂሳብ አዋቂዎች ጋር ይመሳሰል ነበር፤ የ«ቢ» ሐኪሞች ዝንባሌ ደግሞ ከማተሚያ ቤት ሠራተኞችና ከሒሳብና ፊዚክስ መምህራን ጋር። ነገሩ ብዙዎችን ማረከ። ምክንያቱም እውነት ከሆነ ሰዎችን ከማሠልጠን በፊት በአንድ መጠይቅ ብቻ ጥሩውን ቴራፒስት መለየት ይቻላል ማለት ነው።

ሆኖም ተስፋው አልዘለቀም። በ1962 በሌሎች ሕሙማን ላይ፣ ማለትም ቀለል ያለ የመንፈስ ጭንቀትና መረበሽ ባለባቸው ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ፣ በተደረገ ጥናት የተሻለ ውጤት ያገኙት እንዲያውም የ«ቢ» ቴራፒስቶች ሆኑ። አንዳንዶች «ኤ ለከባዱ፣ ቢ ለቀላሉ» በማለት ሊያስታርቁት ሞከሩ። ነገር ግን ጥናቶች በበዙ ቁጥር ውጤቶቹ እርስ በርሳቸው ይጋጩ ጀመር፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ማስረጃውን በአንድነት የገመገሙ ጸሐፊዎችም መሠረቱ ደካማ መሆኑን አሳዩ። ዛሬ ይህ አከፋፈል የሚነሣው እንደ ታሪክ ብቻ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዋይትሆርንና ቤትዝ ሁለት ነገር አግኝተው ነበር፦ ሐኪሞቹ በሕመምተኛው ፊት ምን እንደሚያደርጉ፣ እና በመጠይቅ ሲለኩ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ። የጠፋው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ግን፣ ከታች እንደምናየው፣ በሌላ መልክ ደጋግሞ ተመልሷል።

3. ታዲያ የመካሪው ማንነት ልዩነት አያመጣምን?

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ «ማንም ቢመክር አንድ ነው» ማለት ስሕተት ይሆናል። በ2005 ብሩስ ዋምፖልድና ጆርጅ ብራውን በመደበኛ አገልግሎት ላይ የነበሩ 581 ቴራፒስቶችንና ከ6,000 በላይ ታካሚዎቻቸውን ተመለከቱ። በታካሚዎች መካከል ከታየው የውጤት ልዩነት 5 በመቶ ያህሉ የመጣው ቴራፒስታቸው ማን እንደሆነ ከሚለው ነበር። በ2013 ስኮት ባልድዊንና ዛክ ኢሜል ብዙ ጥናቶችን ሲያጠቃልሉም ወደዚሁ ቁጥር ደረሱ።

5 በመቶ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው በዓመት ስንት ሰው እንደሚያገኝ ያስቡ። ከዓመት እስከ ዓመት፣ ከታካሚ እስከ ታካሚ፣ አንዳንድ ቴራፒስቶች ዘንድ ብዙዎች ይሻላቸዋል፤ ሌሎች ዘንድ ደግሞ ጥቂቶች። የሰዎቹን ጾታ፣ የትምህርት ደረጃ ወይም የሚከተሉትን የሕክምና ትምህርት ቤት ማወቅ ይህንን ልዩነት ብዙም አያስረዳም። እንግዲህ ልዩነቱ አለ፤ ነገር ግን በመታወቂያ ወረቀት ላይ ሊጻፍ በሚችል ነገር አይታወቅም።

ስለ ጠባይ ዓይነትም እንዲሁ ነው። በፊንላንድ ሄልሲንኪ ለዓመታት የተካሄደ ትልቅ ጥናት እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው። ኤርኪ ሄይኖነንና የሥራ ባልደረቦቹ በ2012 እንዳወጡት፣ በአጭር ጊዜ ሕክምና ውስጥ ንቁ፣ ተሳታፊና ወደ ሰው የሚቀርቡ ቴራፒስቶች ታካሚዎቻቸውን ቶሎ ረዱ። በረጅም ጊዜ ሕክምና ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የበለጠ ጥቅም የታየው ቁጥብና በሰው ጉዳይ ቶሎ ጣልቃ የማይገቡ በነበሩት ቴራፒስቶች ታካሚዎች ላይ ነበር። ይህም ማለት ተጫዋቹም ዝምተኛውም ቦታ አላቸው ማለት ነው። «ለምክር የሚሆነው ይህ ጠባይ ነው» የሚል አንድ መስፈርት ግን አይወጣም።

4. ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው?

ካርል ሮጀርስ፣ በወጣትነቱ በኒው ዮርክ ዩኒየን የነገረ መለኮት ሴሚናሪ የተማረውና ኋላ ወደ ሥነ ልቦና የተሻገረው ሰው፣ በ1957 ለለውጥ አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን ነገሮች ዘርዝሮ ነበር። ከቴራፒስቱ የሚጠበቁት ሦስት ናቸው፦ ሳይመስል መሆን፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበር፣ እና ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ መረዳት። ሮጀርስ ስለ ሰው ተፈጥሮ ከያዘው አመለካከት ጋር፣ በተለይም ኃጢአትን በተመለከተ፣ እኛ ወንጌላውያን የማንስማማባቸው ነጥቦች አሉ። ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ የጠባይ ዓይነቶች አለመሆናቸውን ያስተውሉ። ሰው በሌላ ሰው ፊት የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው።

በ1980 ዊልያም ሚለርና ባልደረቦቹ የመጠጥ ችግር ያለባቸውን ሰዎች የሚረዱ ዘጠኝ መካሪዎችን ተከታተሉ። ሥራቸውን በዓይን የተመለከቱ ተቆጣጣሪዎች መካሪዎቹን የተመካሪውን ስሜት በመረዳት ችሎታቸው በደረጃ አስቀመጧቸው። ከስድስት ወር በኋላ የማን ተመካሪዎች መጠጥ እንደቀነሱ ሲታይ ውጤቱ ከዚህ ደረጃ ጋር በጥብቅ ተያይዞ ተገኘ። የመካሪዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ሚለር በኋላ ባዳበረው የምክር ዘዴ ላይ ይህ ግኝት ትልቅ አሻራ አሳርፏል።

ከሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠው የቲሞቲ አንደርሰን ጥናት ነው። አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ጥናት 25 ቴራፒስቶች አስቸጋሪ ታካሚዎችን የሚያሳዩ አጫጭር የቪዲዮ ቅንጥቦች እንዲመለከቱ ተደረገ። አንዱ ታካሚ ቴራፒስቱን ይነቅፋል፤ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ቴራፒስቶቹ ታካሚው ፊታቸው እንዳለ ሆነው ወዲያው እንዲመልሱ ተጠየቁ። መልሳቸው ከተቀረጸ በኋላ ገምጋሚዎች ነጥብ ሰጡ፦ ሙቀት አለውን? ተስፋ ይሰጣልን? የተባለውን ተረድቷልን? ችግሩ ላይ ያተኩራልን? ከዚህ ጎን ቴራፒስቶቹ ስለ ራሳቸው ማኅበራዊ ችሎታ መጠይቅ ሞሉ። ከ1,100 በላይ የሚሆኑ ታካሚዎቻቸው ውጤት ሲታይ፣ ስለ ራሳቸው የሞሉት መጠይቅ ምንም አልተነበየም። በአስቸጋሪው ታካሚ ፊት የሰጡት መልስ ግን ተነበየ።

በ2016 ደግሞ ይኸው ተመራማሪ ሌላ ጥናት አወጣ። በዚህ ውስጥ የሥነ ልቦና ሥልጠና ያገኙና ያላገኙ የዶክትሬት ተማሪዎች ሰዎችን እንዲያነጋግሩ ተደረገ። የተሻለ ውጤት የታየው በሠለጠኑት ዘንድ ሳይሆን ይህ የግንኙነት ችሎታ ከፍ ብሎ በተገኘባቸው ዘንድ ነበር። የሙያ ሥልጠና አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የሕመሙን ዓይነት ለይቶ ማወቅና አደጋን መለየት ያለ ሥልጠና አይሆንም። ነገር ግን ሥልጠናው በምን ላይ ሊያተኩር እንደሚገባ ይጠቁመናል።

በአፍሪካችንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የተባለው አገልግሎት በዕድሜ የገፉ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሴቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ወንበር ላይ ሰዎችን እንዲያነጋግሩ ያደርጋል። በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን እናቶቹ ያነጋገሯቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል። እነዚህ ሴቶች ዲግሪ የላቸውም፤ ግን ሠልጥነዋል፣ ክትትልም ይደረግላቸዋል።

5. ከመጽሐፍ ቅዱስ አንጻር

ይህ ሁሉ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ማርታና ማርያም ለጌታ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱም እርሱ በቦታው ኖሮ ቢሆን ወንድማቸው ባልሞተ ነበር ይላሉ (ቁጥር 21 እና 32)። ጌታ ግን ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምላሽ አልሰጠም። ከማርታ ጋር ስለ ትንሣኤ ተነጋገረ፤ ከማርያም ጋር ግን አለቀሰ። ቃሉ አንድ ነበር፤ ከቃሉ በስተጀርባ ያለችው ሴት ግን ሌላ ነበረች። ጌታን ቴራፒስት ለማድረግ ሳይሆን፣ ሰውን በያለበት ማግኘት ምን እንደሆነ ለመማር ይህን ክፍል ማጥናት ይገባናል።

የኢዮብ ወዳጆችም ያስተምሩናል። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር በአነጋገራቸው ይለያያሉ፤ ኤልፋዝ ለስለስ ብሎ ይጀምራል፣ ሶፋር ከመነሻው ይቈጣል። ሦስቱም ሰባት ቀን ከኢዮብ ጋር በዝምታ በመሬት ላይ ሲቀመጡ መልካም አድርገዋል (ኢዮብ 2፥11-13)። ስሕተታቸው የጀመረው የኢዮብን ቃል መስማት ትተው የራሳቸውን ትምህርት መከላከል በጀመሩ ጊዜ ነው። አነጋገራቸው ተለያየ፤ ውድቀታቸው ግን አንድ ሆነ።

ጳውሎስም ለኤጲስ ቆጶስነት የሚገባውን ሰው ሲዘረዝር (1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥1-7) ስለ ተጫዋችነት ወይም ስለ ዝምተኝነት አንድም ነገር አይናገርም። የሚናገረው ስለ ገርነት፣ ስለ አለመጨቃጨቅ፣ እንግዳ ስለ መቀበል ነው። እነዚህ ሥነ ምግባር እንጂ የተፈጥሮ ጠባይ አይደሉም። ጠባይ ከእኛ ጋር ይወለዳል፤ ሥነ ምግባር ግን በጸጋ ይታነጻል። ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ ተወዳጅ ጠባይ ያለውን ሰው ምስጢር ይጠብቅ እንደሆነ ሳንመረምር ሾመናል፣ ምስጢር ጠባቂዋን ደግሞ ዝምተኛ ናት ብለን አልፈናታል።

6. ልምድና ራስን መገመት

አንዳንድ አገልጋዮች «እኔ ሃያ ዓመት መክሬአለሁ» በማለት ጥያቄውን ይዘጋሉ። እዚህም ላይ ጥናቶቹ ያስጠነቅቁናል። በ2016 ሳይመን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ 170 ቴራፒስቶችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። በአማካይ ሲታይ ውጤታቸው ከጊዜ ጋር አልተሻሻለም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ቀንሷል። ሕክምናውን ገና ሳይጨርሱ የሚያቋርጡት ታካሚዎች ቁጥር ግን እየቀነሰ ሄዷል። ልምድ ሰውን አስቀምጦ ማቆየት ያስተምራል፤ ውጤቱን የሚነግረን ሰው ከሌለ ግን ከዚያ በላይ አያስተምርም።

በራስ ግምት መታመንም አይቻልም። በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 129 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የት እንደሚገኙ ጠየቃቸው። ሩብ ያህሉ ከመቶው ከላይኞቹ አሥር ውስጥ ነን አሉ። ከአማካይ በታች ነኝ ያለ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም።

በአንጻሩ የኖርዌይዋ ተመራማሪ ሄለን ኒሰን-ሊ ከባልደረቦቿ ጋር ያገኘችው ውጤት ለእኛ ቅርብ ነው። የተሻለ ለውጥ የታየው በሥራቸው ላይ ራሳቸውን የሚጠይቁ፣ «ይህን ሰው በእርግጥ እየረዳሁት ነውን?» የሚሉ፣ ነገር ግን እንደ ሰው ራሳቸውን በደግነት የሚይዙ ቴራፒስቶች ዘንድ ነበር። በእኛ ቋንቋ ሲነገር፣ በክርስቶስ ያለው ማንነቱ የጸና ሰው አገልግሎቱ ሲመረመር አይፈራም። ማንነቱን ከአገልግሎቱ የሚያገኝ ሰው ግን ማንኛውንም ጥያቄ እንደ ጥቃት ይቆጥረዋል።

7. በአጥቢያዎ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

የመጀመሪያው ነገር ሰውን በመጠይቅ ሳይሆን በሥራ ማየት ነው። ለምክር አገልግሎት የታሰቡትን ሰዎች ይሰብስቡና ልምምድ ያድርጉ። አንድ ሽማግሌ በእግዚአብሔር ላይ የተቆጣ ሐዘንተኛ፣ ሌላው ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም የሚል ወጣት፣ ሦስተኛው «መጋቢው ምንም አያውቅም» የሚል ሰው ሆነው ይቅረቡ። ታጩው የተባለውን በራሱ አባባል መልሶ መናገር ይችላልን? ሲነቀፍ ይከላከላልን ወይስ ይጠይቃል? ሐሰተኛ ተስፋ ሳይሰጥ ተስፋ ይሰጣልን? ጥቅስ የሚጠቅሰው ሰውየውን ከሰማ በኋላ ነውን ወይስ ከመስማት ለማምለጥ?

ሁለተኛው ልምምዱን ማቋረጥ የሌለብን መሆኑ ነው። ስብከት እንደምንለማመድ ሁሉ ማዳመጥም ልምምድ ይፈልጋል። በወር አንድ ጊዜ መካሪዎች ተሰብስበው፣ የተመካሪውን ማንነት ሳይገልጡ፣ የከበዳቸውን ሁኔታ ደግመው ቢለማመዱትና ቢተራረሙ ብዙ ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው ተመካሪውን መጠየቅ ነው። በእኛ ባህል ሰው ለመጋቢው «አልጠቀመኝም» አይልም፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተባርኬአለሁ» ብሎ ይሄድና አይመለስም። ስለዚህ ጥያቄው ለመልስ የሚመች ይሁን። «ዛሬ ልትነግረኝ ፈልገህ ያልነካነው ነገር አለ?» ወይም «ከተናገርሁት ውስጥ ለአንቺ ያልሆነው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ «ጠቀመህ?» ከማለት ይሻላል። መልሱም ሲመጣ ያለ ማስተባበያ ይቀበሉት።

አራተኛው ልክን ማወቅ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት የማይተኛና የማይበላ፣ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው የሕክምና ባለሙያ ያስፈልገዋል። ራስን ስለ መግደል በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ይልቁንም በሩን ይከፍታል። አዲስ አበባ የሚገኙ አገልጋዮች አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ያውቁታል፤ በሌሎች ከተሞች ያላችሁ ደግሞ በአቅራቢያችሁ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ችግር ከመምጣቱ በፊት እወቁ። ሰውን ወደ ሐኪም መላክ ጸሎትን መተው አይደለም፤ ከእርሱ ጋር አብሮ መሄድም ከምክር አገልግሎት አንዱ ነው።

ማጠቃለያ

ዋይትሆርንና ቤትዝ ጥሩውን ሐኪም በመጠይቅ ለይተው ለማወቅ ፈለጉ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎች። የተገኘው ግን ጥሩ መካሪ በአስቸጋሪ ሰዓት በሚያደርገው ነገር የሚታወቅ መሆኑ ነው። ይህ ለሁለት ዓይነት የሴሚናሪ ተማሪዎች ቃል አለው። ዝምተኛ ስለሆኑ የምክር አገልግሎት ለእኔ አይደለም ብለው ያሰቡ ካሉ፣ ጠባይዎ አልከለከለዎትም፤ ልምምድ ይጀምሩ። ሰው ስለሚቀርብዎት መካሪ ነኝ ብለው ያሰቡ ካሉ ደግሞ፣ ጠባይዎ በሩን ይከፍትልዎት ይሆናል፤ ከገባው ሰው ጋር የሚያደርጉት ነገር ግን ገና አልተፈተነም።

ለሽማግሌዎችም እንዲሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ማንን እንመድብ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ከማለት አስቀድማችሁ «የተጎዳና የተቆጣ ሰው ፊቱ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለማወቅም በሥራ ላይ እዩት፤ ያ በራችሁን ነገ የሚያንኳኳው ሰው ይህን ያህል ድካም ይገባዋል።